«ይስማማሉ» የሚለው ፍርድ፦ በአንድ ሲሪንጅ ስለሚቀላቀሉ የሕመም ማስታገሻና የማስታወክ መከላከያ መድኃኒቶች የቀረበ ሒስ

በፋርማሲ መጻሕፍት መጨረሻና በሐኪም ቤት የመድኃኒት ክፍል ግድግዳ ላይ የሚገኝ አንድ ዓይነት ሠንጠረዥ አለ። የመድኃኒቶቹ ስም አንድ ጊዜ ከላይ ወደ ታች፣ ሁለተኛ ጊዜ ከግራ ወደ ቀኝ ይጻፋል፤ ሁለት ስሞች በሚገናኙበት ሳጥን ውስጥም አንድ ምልክት ይደረጋል። የምልክቱ ትርጕም «ይስማማሉ» ወይም «አይስማሙም» ነው። መድኃኒቱን የምታዘጋጀው ነርስ ጣቷን በሠንጠረዡ ላይ አሂዳ ምልክቱን ታያለች፤ ፍርዱን ተቀብላም ሁለቱን መድኃኒቶች በአንድ ሲሪንጅ ትቀላቅላለች።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህን ፍርድ መመርመር ነው። ሠንጠረዡ ይጥፋ አንልም። ነገር ግን «ይስማማሉ» የሚለው ቃል ብዙ ጊዜ ከተመሠረተበት ሙከራ ይልቅ የሰፋ ነገር እንደሚናገር፣ ሙከራው የተደረገበትንም ሁኔታ ጥሎ ውጤቱን ብቻ ይዞ እንደሚጓዝ ለማሳየት እንሞክራለን። ነገሩ የቃላት ክርክር ብቻ አይደለም። በሲሪንጁ መጨረሻ ላይ ያለው ሰው በጽኑ ሕመም የተያዘ፣ መዋጥ ያቃተው፣ ብዙ ጊዜም ሕይወቱ ወደ ማለቂያው የደረሰ ሰው ነውና፣ መድኃኒቱ በመንገድ ቢቀር መጥፋቱን ሊነግረን የሚችለው በመቃተት ብቻ ነው።

ለመሆኑ ለምን ይቀላቀላሉ?

ሞርፊንና የሞርፊን ወገን የሆኑ መድኃኒቶች ሕመምን ያስታግሣሉ፤ ነገር ግን በተለይ በመጀመሪያዎቹ ቀኖች ማቅለሽለሽንና ማስታወክን ያመጣሉ። በካንሰር የታመመ ሰው ደግሞ በበሽታው ምክንያት ብቻ ሊያስታውክ ይችላል። የሚያስታውክ ሰው ክኒን ሊይዝ አይችልም፤ ስለዚህ መድኃኒቱ በመርፌ መሰጠት ይኖርበታል። በየ4 ሰዓቱ ሁለት ሁለት ጊዜ የሚወጋ ሰው በአንድ ቀን 12 ጊዜ ይወጋል ማለት ነው። የሰውነቱ ሥጋ አልቆ ቆዳው ለቀረ በሽተኛ ይህ ራሱ ሌላ ሥቃይ ነው።

መፍትሔው የተገኘው በእንግሊዝ አገር ነው። የሕክምና መሣሪያዎች ፈልሳፊ የሆኑት ማርቲን ራይት፣ ሲሪንጅን በባትሪ ኀይል ቀስ በቀስ የሚገፋ ትንሽ መሣሪያ ሠሩ። መሣሪያው በመጀመሪያ ያገለገለው ታላሴሚያ የተባለው የደም በሽታ ላለባቸው ሕመምተኞች፣ በሰውነታቸው የተጠራቀመውን ብረት የሚያወጣውን መድኃኒት ለመስጠት ነበር። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1979 ዓ. ም. (ከዚህ በኋላ የሚመጡት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ዶክተር ራስል በብሪታንያ የሕክምና መጽሔት ላይ፣ ይኸው መሣሪያ በመጨረሻ ደረጃ ላይ ለደረሱ የካንሰር በሽተኞች ሕመም ማስታገሻ ሊሆን እንደሚችል ጻፉ። ከዚያ ወዲህ አንዲት ቀጭን መርፌ ከቆዳ ሥር ገብታ፣ የ24 ሰዓቱ መድኃኒት በአንድ ሲሪንጅ ተሞልቶ መስጠት የተለመደ ሆነ።

እንግዲህ መቀላቀሉ ከቸልተኝነት የመጣ አይደለም፤ ከርኅራኄ የመጣ ነው። ነገር ግን ልብ ሊባል የሚገባው አንድ ነገር አለ። እያንዳንዱ መድኃኒት በፋብሪካው ተመርምሮ ፈቃድ ያገኘው ለብቻው ነው። ሁለቱ በተቀላቀሉ ጊዜ የሚገኘው ፈሳሽ በሕግ ዓይን ፈቃድ የሌለው አዲስ መድኃኒት ነው። በብሪታንያ እንኳ ይህን አሠራር በግልጽ የሚፈቅደው የሕግ ማሻሻያ የወጣው በ2009 ዓ. ም. መጨረሻ ሲሆን፣ ልማዱ በዚያን ጊዜ 30 ዓመት ሆኖት ነበር። ልማዱ ከሕጉ እንደ ቀደመ ሁሉ፣ ከሙከራውም ቀድሞ ነበር። የሠንጠረዡ ድካም ከዚህ ይጀምራል ብለን እናምናለን።

ሁለት ዓይነት ጥፋት

በሲሪንጅ ውስጥ ያለ ድብልቅ በሁለት መንገድ ሊበላሽ ይችላል። አንደኛው በዓይን የሚታየው ነው። ከሞርፊን ወገን ያሉትም ሆኑ አብዛኞቹ የማስታወክ መከላከያዎች በኬሚስትሪ ባሕርያቸው ደካማ ቤዞች ናቸው። በውሃ የሚሟሙት ከአሲድ ጋር ተጣምረው የጨው ዓይነት በሆኑ ጊዜ ነው፤ ስለዚህ በብልቃጣቸው ያለው ፈሳሽ አሲድነት እንዲኖረው ተደርጎ ይዘጋጃል። ለምሳሌ የሳይክሊዚን መርፌ ፒኤች ከ3.3 እስከ 3.7 ያህል ነው። አሲድነቱን የሚያጠፋ ነገር ሲገባበት ግን መድኃኒቱ መሟሟቱን ትቶ፣ ማር በብርድ እንደሚረጋ ሁሉ፣ ደመና ወይም ክሪስታል ሆኖ ይወጣል። ክሪስታሉ የመርፌዋን ቀዳዳ ቢደፍን በሽተኛው ከሁለቱም መድኃኒቶች አንዱንም አያገኝም።

ሁለተኛው ጥፋት በዓይን የማይታየው ነው። የመድኃኒቱ ሞለኪውል በውሃ፣ በአየር ወይም በብርሃን ምክንያት ቀስ በቀስ ወደ ሌላ ነገር ይለወጣል። ዲያሞርፊን ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። በውሃ ውስጥ ሲቆይ በላዩ ካሉት ሁለት የአሴቲል ክፍሎች አንዱን ይጥልና 6-ሞኖአሴቲልሞርፊን ይሆናል፤ ቀጥሎም ሁለተኛውን ጥሎ ሞርፊን ይሆናል። ይህ ሁሉ ሲሆን ፈሳሹ እንደ ምንጭ ውሃ ጥርት ብሎ ሊታይ ይችላል።

በተቃራኒው ደግሞ ዓይን ያለ ምክንያት የሚደነግጥበት ጊዜ አለ። ሜቶክሎፕራማይድ ያለበት ድብልቅ አንዳንድ ጊዜ ቀለሙ ይለወጣል፤ እንዲህ ያለውን ፈሳሽ መጣል ታዝዟል፤ ትእዛዙም የጥንቃቄ ነው። ነገር ግን የቀለም መለወጥ ብቻውን ምን ያህል መድኃኒት እንደ ጠፋ አይነግረንም። እንግዲህ ጥራት የጽናት ማስረጃ አይደለም፤ ቀለምም የጥፋት ልክ አይደለም። ዓይን አይቶ ልብ ይፈርዳል ይባላል፤ በዚህ ጉዳይ ግን ዓይን ያላየውን የሚያይ መሣሪያ ከመካከል ካልገባ ልብ ሊፈርድ አይገባውም።

የሠንጠረዡ ምልክት ከእነዚህ ከሁለቱ የትኛውን እንደሚያመለክት ብዙ ጊዜ አይናገርም። የመጀመሪያው ነቀፌታችን ይህ ነው።

አንድ ምሳሌ፦ ዲያሞርፊንና ሳይክሊዚን

ነገሩን በተጨባጭ ለማየት በብሪታንያ ብዙ የተሠራበትን ድብልቅ እንውሰድ። ዲያሞርፊን ሕመምን፣ ሳይክሊዚን ማስታወክን ይከላከላሉ። ሁለቱ ይስማማሉን? የብሪታንያ የመድኃኒት መመሪያ የሆነው ብሪቲሽ ናሽናል ፎርሙላሪ የሚሰጠው መልስ «አዎን» ወይም «አይደለም» አይደለም። ሳይክሊዚን በአንድ ሚሊ ሊትር ከ10 ሚሊግራም በላይ ሲሆን፣ ወይም 0.9 በመቶ የጨው ውሃ ሲገባበት፣ ወይም የዲያሞርፊኑ ብዛት ከሳይክሊዚኑ አንጻር ከፍ እያለ ሲሄድ ሊዘቅጥ እንደሚችል፤ ከ24 ሰዓት በኋላም ድብልቁ ሊዘቅጥ እንደሚችል ያስጠነቅቃል።

በ1997 ዓ. ም. በፓሊያቲቭ ሜዲሲን መጽሔት የወጣው የግራስቢና የሀቺንግስ ጥናት ደግሞ ወሰኑን ከዚህ በተለየ መልክ አስቀምጦታል። ሁለቱም መድኃኒቶች በሚሊ ሊትር እስከ 20 ሚሊግራም ድረስ ከሆኑ ድብልቁ ለ24 ሰዓት ይጸናል። ዲያሞርፊኑ ከ20 ካለፈ ግን ሳይክሊዚኑ ከ10 መብለጥ የለበትም፤ ሳይክሊዚኑ ከ20 ካለፈም ዲያሞርፊኑ ከ15 መብለጥ የለበትም፤ አለዚያ ክሪስታል ሊታይ ይችላል።

እስቲ ይህን በሒሳብ እናስላው። አንድ በሽተኛ ለ24 ሰዓት 240 ሚሊግራም ዲያሞርፊንና 150 ሚሊግራም ሳይክሊዚን ታዘዘለት እንበል። ድብልቁ በ8 ሚሊ ሊትር ውሃ ከተዘጋጀ በእያንዳንዱ ሚሊ ሊትር 30 ሚሊግራም ዲያሞርፊንና 18.75 ሚሊግራም ሳይክሊዚን ይኖራል። ዲያሞርፊኑ ከ20 አልፏል፤ ሳይክሊዚኑም ከ10 በላይ ነው፤ ክሪስታል ያስፈራል። ይኸው ትእዛዝ በ20 ሚሊ ሊትር ቢዘጋጅ ግን 12 ሚሊግራም ዲያሞርፊንና 7.5 ሚሊግራም ሳይክሊዚን ብቻ ስለሚሆን፣ ከሁለቱም ምንጮች ወሰን በታች ነው። በሽተኛው አንድ ነው፤ መድኃኒቶቹም፣ የታዘዘው ልክም ያው ነው፤ የተለወጠው የሲሪንጁ ስፋት ብቻ ነው። ታዲያ በሠንጠረዡ ሳጥን ውስጥ የሚጻፈው ምልክት የትኛው ነው?

ይህ በወረቀት ላይ ብቻ የተፈጠረ ችግር አለ መሆኑን የሚያሳይ ታሪክ አለ። የመጀመሪያዎቹ መሣሪያዎች ፍጥነታቸው የሚለካው በሚሊ ሊትር ሳይሆን የሲሪንጁ ዘንግ በሚገፋበት ርዝመት፣ በሚሊ ሜትር ነበር። የአንዱ ፋብሪካ ሲሪንጅ ከሌላው ስለሚሰፋ ወይም ስለሚጠብ፣ እስከ አንድ ርዝመት ድረስ የተሞላ ሲሪንጅ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት መጠን አይዝም ነበር። ከዚህም ሌላ አንዱ ዓይነት መሣሪያ በሰዓት፣ ሌላው ዓይነት በ24 ሰዓት የሚለካ ስለ ነበረ፣ ሁለቱን በማምታታት አደጋ ደርሷል። በብሪታንያ የበሽተኞችን ደኅንነት የሚከታተለው መሥሪያ ቤት በ2010 ዓ. ም. መሣሪያዎቹ በሚሊ ሊትር በሚለኩ እንዲተኩ አሳሰበ። ቊጥር ከመለኪያው ሲለይ እንደሚያሳስት ሁሉ፣ «ይስማማሉ» የሚለውም ቃል ከመጠኑ ሲለይ ያሳስታል።

ምክንያቱን ስናስብ ነገሩ ይበልጥ ግልጽ ይሆናል። የሳይክሊዚን መርፌ የተሠራው ከላክቴት ጨው ነው። ክሎራይድ ሲገባበት ሳይክሊዚን ሃይድሮክሎራይድ ይፈጠራል፤ ይህም በውሃ የሚሟሟው በጥቂቱ ነው። 0.9 በመቶ የጨው ውሃ በሊትር 0.154 ሞል ያህል ክሎራይድ አለው፤ የተከለከለበት ምክንያት ይህ ነው። ነገር ግን ዲያሞርፊንም የሚመጣው ሃይድሮክሎራይድ ሆኖ ነው። በእኛ ስሌት በሚሊ ሊትር 65 ሚሊግራም ያህል ዲያሞርፊን ያለበት ፈሳሽ፣ በንጹሕ ውሃ ቢዘጋጅም፣ የያዘው ክሎራይድ ከጨው ውሃው ጋር ይተካከላል። ዲያሞርፊኑ ሲበዛ ሳይክሊዚኑ የሚዘቅጠው ቢያንስ በከፊል በዚህ ምክንያት ይመስለናል። እንዲህ ያለውን ምክንያት የሚያውቅ ተማሪ ያልተጻፈውን ሳጥን እንኳ በግምት ሊሞላ ይችላል፤ ምልክቱን ብቻ ያጠና ግን ከምልክቱ ውጭ መንገድ የለውም።

በሁለቱ ምንጮች መካከል ያለው የወሰን ልዩነትም ሊያስደነግጠን አይገባም። አንዱ 10፣ ሌላው 20 ሲል ከሁለቱ አንዱ ዋሸ ማለት አይደለም። መመሪያው ለሚቸኩል ሰው የተጻፈ ማስጠንቀቂያ ነው፤ ጥናቱ በተወሰነ ሙከራ የተገኘ ውጤት ነው። ጥፋቱ የሚመጣው ሁለቱ በአንድ ምልክት ውስጥ ሲቀበሩ ነው።

ፍትሕን ለመጠበቅ ያህል፣ ሠንጠረዡ ያለ ምክንያት የሚያስፈራበትንም እንጥቀስ። ዲያሞርፊንና ሃሎፔሪዶል ከ24 ሰዓት በኋላ ሊዘቅጡ የሚችሉት ሃሎፔሪዶሉ በሚሊ ሊትር ከ2 ሚሊግራም ሲበልጥ ነው ይላል መመሪያው። ለአንድ ቀን 5 ሚሊግራም ሃሎፔሪዶል በ8 ሚሊ ሊትር ቢዘጋጅ 0.6 ሚሊግራም ያህል ብቻ ነው፤ 10 ሚሊግራም እንኳ ቢሆን 1.25 ነው። ስለዚህ «ይጠንቀቁ» የሚለው ምልክት እዚህ ብዙውን ጊዜ በማይደረስበት መጠን ላይ የተተከለ ነው። ያለ ቊጥር የተጻፈ ማስጠንቀቂያ በሽተኛውን ከሚጠቅመው መድኃኒት ሊያርቀው ይችላል።

ቅደም ተከተልና ስፋት

ሠንጠረዡ የሚጥለው ሌላ ነገር የአቀላቀል ሥርዓት ነው። ዴክሳሜታሶን ሶዲየም ፎስፌት ለማስታወክም ያገለግላል፤ ነገር ግን መርፌው ከሌሎቹ በተለየ ወደ አልካሊ ያዘነብላል፤ ፒኤቹም ከ7 እስከ 8.5 ያህል ነው። ከሳይክሊዚን ወይም ከሃሎፔሪዶል ጋር ሲገናኝ ሊዘቅጥ የሚችለው ስለዚህ ነው። በሌሎች ድብልቆችም ውስጥ መግባት ካለበት፣ ሌሎቹ በሚገባ ከቀጠኑ በኋላ መጨረሻ ላይ እንዲጨመር ይመከራል። ሁለት ያልቀጠኑ ፈሳሾች በሲሪንጁ አንገት ላይ ሲገናኙ የሚሆነውና በብዙ ውሃ ውስጥ ሲገናኙ የሚሆነው አንድ አይደለም። ሳጥኑ ግን «ሀ» ከ«ለ» ጋር፣ ወይም «ለ» ከ«ሀ» ጋር ቢገናኝ ያው ነው ብሎ ያምናል።

ኬቶሮላክ ደግሞ የበለጠ ያስተምረናል። የሕመም ማስታገሻ ቢሆንም ከሞርፊን ወገን አይደለም፤ አሲድ ነው፤ የሚሟሟውም በገለልተኛ ወይም በጥቂት አልካሊ ውሃ ነው። በአሜሪካ የመድኃኒቱ መግለጫ ወረቀት ላይ፣ ከሞርፊን ሰልፌት፣ ከፔቲዲን፣ ከፕሮሜታዚንና ከሃይድሮክሲዚን ጋር «በትንሽ መጠን፣ ለምሳሌ በሲሪንጅ ውስጥ» እንዳይቀላቀል፣ ቢቀላቀል ኬቶሮላኩ እንደሚዘቅጥ ተጽፏል። «በትንሽ መጠን» የሚሉት ሁለት ቃላት የጠቅላላው ማስጠንቀቂያ ቊልፍ ናቸው። ወደ ሠንጠረዥ ሲገለበጥ ግን መጀመሪያ የሚወድቁት እነርሱ ናቸው።

15 ደቂቃና 24 ሰዓት

አሁን ወደ ሙከራዎቹ ራሳቸው እንምጣ። ከቆዩት ሙከራዎች ብዙዎቹ የተደረጉት ለሌላ ዓላማ ነበር። ከቀዶ ሕክምና በፊት ለበሽተኛው ለመስጠት ሁለት መድኃኒቶች በአንድ ሲሪንጅ ተቀድተው ወዲያው ይወጋሉ፤ ስለዚህ ሙከራው የሚጠይቀው ለ15 ደቂቃ ያህል ጠርተው ይቆያሉን የሚለውን ነበር። ሌሎቹ ደግሞ ሁለት ፈሳሾች በአንድ የደም ሥር ቧንቧ ለአጭር ጊዜ ሲገናኙ ምን ይሆናሉ ብለው ለ4 ሰዓት ያህል ተመልክተዋል። ለተጠየቁት ጥያቄ መልሳቸው ትክክል ነው። ለ24 ሰዓት ከሰውነት አጠገብ ለሚቀመጥ ሲሪንጅ ግን መልስ አይሆኑም። የ15 ደቂቃው «ይስማማሉ» የ24 ሰዓቱን ሳጥን ሲሞላ፣ ቃሉ ያው ሆኖ ትርጕሙ ጠፍቷል።

የምርመራው መንገድም እንዲሁ ነው። በጥቁርና በነጭ ጀርባ ላይ ፈሳሹን ማየት የመጀመሪያውን ጥፋት ብቻ ይይዛል። ሁለተኛውን ለመያዝ በከፍተኛ ግፊት የሚሠራ የፈሳሽ ክሮማቶግራፊ ያስፈልጋል፤ ይኸውም መድኃኒቱን ከተበላሸው ክፍል ለይቶ የሚለካ መሆን አለበት። ሁለቱን የማይለይ መሣሪያ የተበላሸውን ጨምሮ ይቆጥርና «ምንም አልጠፋም» ይላል። ስለ መርፌ መድኃኒቶች ድብልቅ ሰፊውን መጽሐፍ ያዘጋጁት አሜሪካዊው ሎውረንስ ትሪሰል በ1983 ዓ. ም. በአሜሪካ የሐኪም ቤት ፋርማሲ መጽሔት ላይ፣ በጽናትና በተስማሚነት ጥናቶች ዘንድ የሚደጋገሙትን ጕድለቶች ለይተው ለማረም ጽፈዋል። ነቀፌታው ከውጭ ሳይሆን ከባለሙያው ከራሱ መምጣቱ ለእኛ ድፍረት ይሰጠናል።

የ90 በመቶም ጉዳይ አለ። በልማድ አንድ መድኃኒት ከመጀመሪያው መጠኑ 90 በመቶ እስካለ ድረስ ጸንቷል ይባላል። ይህ መስመር ጠቃሚ ቢሆንም ለሁሉም እኩል ትርጕም የለውም። ዲያሞርፊን 10 በመቶ ቢጠፋ የሚተኩት 6-ሞኖአሴቲልሞርፊንና ሞርፊን ራሳቸው ሕመምን ያስታግሣሉ፤ ስለዚህ የበሽተኛው ጕዳት ቊጥሩ እንደሚያስፈራ አይደለም። እንዲህ ያለ ተተኪ የሌለው መድኃኒት ሲጠፋ ግን የጠፋው በእውነት ጠፋ። በአንድ መስመር ሁለቱን መዳኘት ለሒሳብ ይመቻል እንጂ ለፍርድ አይበቃም።

ይህም ሁሉ ተሟልቶ፣ በሲሪንጅ ውስጥ የተስማሙ በሰውነት ውስጥ ላይስማሙ ይችላሉ። ሜቶክሎፕራማይድ የጨጓራን እንቅስቃሴ በማፋጠን ማስታወክን ይከላከላል፤ ሳይክሊዚን ደግሞ ይህንኑ እንቅስቃሴ የሚገታ ባሕርይ አለው። ጥርት ብሎ የታየ ድብልቅ አንዱ የሠራውን ሌላው የሚያፈርስ ሊሆን ይችላል።

ሠንጠረዡ አገር ሲለውጥ

ከላይ ያየናቸው ወሰኖች የተገኙት በብሪታንያ መድኃኒቶችና በብሪታንያ ክፍሎች ሙቀት ነው። ዲያሞርፊንን ለሕክምና የሚጠቀሙ አገሮች ጥቂቶች ናቸው። በብሪታንያም ቢሆን ከ2004 ዓ. ም. መጨረሻ ጀምሮ አቅርቦቱ ሲጓደል ብዙዎች ወደ ሞርፊን ዞረዋል። በዚህ ጊዜ የዲያሞርፊኑን ሳጥን ለሞርፊን ማውረስ ቀላል ፈተና ነው፤ ነገር ግን ትክክል አይደለም። 1 ግራም ዲያሞርፊን ሃይድሮክሎራይድ በ1.6 ሚሊ ሊትር ውሃ ሲሟሟ፣ 1 ግራም ሞርፊን ሰልፌት ግን ከ15 ሚሊ ሊትር በላይ ይፈልጋል። ሁለቱ በጨዋቸውም፣ በሚበላሹበትም መንገድ ይለያያሉ። ሞርፊን በውሃ ሳይሆን በዋናነት በኦክስጅን ነው የሚጎዳው።

ወደ አገራችን ስንመጣ ልዩነቱ ይሰፋል። በእኛ ሐኪም ቤቶች የሚታወቁት ሞርፊን፣ ፔቲዲን፣ ትራማዶል፣ ሜቶክሎፕራማይድና ፕሮሜታዚን የመሳሰሉት ናቸው። ጥናቶቹ ብዙ ጊዜ የሚደረጉት በ4 እና በ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። በአዲስ አበባ ይህ ይበቃ ይሆናል። በጋምቤላ ወይም በአፋር ቆላ ግን በበጋ ቀን የክፍሉ ሙቀት ከዚያ ብዙ ያልፋል፤ በብርድ ልብስ ሥር ከበሽተኛው ገላ አጠገብ የተቀመጠ ሲሪንጅም ወደ ሰውነት ሙቀት ይቀርባል። የኬሚስትሪ ተማሪ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ሙቀት በ10 ዲግሪ ሲጨምር የብዙ ለውጦች ፍጥነት ወደ ሁለት ወይም ሦስት እጥፍ ያህል ይደርሳል። በ25 ዲግሪ ለ24 ሰዓት የተመሰከረለት ድብልቅ በ40 ዲግሪ ያለ አዲስ ሙከራ ሊታመን አይገባም። በተቃራኒው መሟሟት ብዙ ጊዜ ከሙቀት ጋር ስለሚጨምር፣ በቆላ ጥርት ያለው በደጋ ሌሊት ሊረጋ ይችላል። ስለዚህ ሙቀት ወደ አንድ ወገን ብቻ የሚያደላ ነገር አይደለም።

ስለ ሠንጠረዡ የሚነገር መከላከያ

ተቃዋሚዎቻችን የሚሉትን እናውቃለን፤ ቀላልም አይደለም። በእኩለ ሌሊት አንዲት ነርስ ለ30 በሽተኞች ብቻዋን ቆማ ሳለች፣ የክሮማቶግራፊ ጽሑፍ አንብቢ ማለት ፌዝ ነው። ደግሞም ብዙ ድብልቆች ለብዙ ዓመታት ሲሠራባቸው የታየ ጕዳት የለም። ማስረጃ እስኪሟላ እንጠብቅ ብንል በሽተኛው በማስታወክ ይሞታል። ከዚህም በላይ የአንዱ ሰው ሕመም ከሌላው ስለሚለይና ሐኪሙ መጠኑን በየቀኑ ስለሚያስተካክል፣ የ10 በመቶ ጕድለት ከዚያ ጋር ሲወዳደር ትንሽ ነው።

የመጨረሻውን ክርክር በአብዛኛው እንቀበላለን። በእኛ አስተያየትም የበለጠ የሚያስፈራው ቀስ ብሎ የሚጠፋው 10 በመቶ ሳይሆን መርፌዋን በድንገት የሚደፍነው ክሪስታል ነው። እርሱን ደግሞ ነርሷ ልትከላከለው ትችላለች፤ ሲሪንጁን በየጊዜው ብትመለከት፣ ሰፋ ባለ ሲሪንጅ አቅጥና ብታዘጋጅ፣ የሚያቀጥነውን ፈሳሽ ብትመርጥ ይበቃል። ነገር ግን ይህን ለማድረግ ምልክቱ ሳይሆን ሁኔታው ሊነገራት ይገባል።

«ጕዳት አልታየም» የሚለውን ግን እንደ ማስረጃ አንቀበለውም። በጣም የደከመ በሽተኛ ሕመሙ ሲነሣበት በሽታው ባሰ ይባላል እንጂ መድኃኒቱ ዘቀጠ አይባልም፤ የሚጨመርለትም ሌላ መጠን ነው። ያልተፈለገ ነገር አይገኝም። ካልተፈለገበት ቦታ ደግሞ «የለም» ብሎ መመለስ ሳይንስ አይደለም።

የምንጠይቀው

ስለዚህ የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። በእያንዳንዱ ሳጥን ውስጥ ከምልክቱ ጋር አምስት ነገሮች ይጻፉ፦ የእያንዳንዱ መድኃኒት መጠን በሚሊ ሊትር፣ የሚያቀጥነው ፈሳሽ፣ የሰዓቱ ርዝመት፣ የሙቀቱ ልክ፣ ምርመራውም በዓይን ብቻ ወይም በመሣሪያ መሆኑ። አምስቱ በአንድ መስመር ይጻፋሉ፤ የነርሷንም ጊዜ አይወስዱም። ያልተመረመረውም ሳጥን ባዶ ይቀመጥ እንጂ በጎረቤቱ አይሞላ። ባዶ ሳጥን እውነትን ይናገራልና።

ከዚህ የሥራ ድርሻ ለእኛም ለተማሪዎች የሚተርፍ አለ። ውድ መሣሪያ የማይጠይቅ የመጀመሪያ ምርመራ በማናቸውም የኬሚስትሪ ላቦራቶሪ ሊደረግ ይችላል። የታወቁ መድኃኒቶችን በታወቀ መጠን ቀላቅሎ፣ ፒኤቻቸውን ለክቶ፣ በ25ና በ40 ዲግሪ አስቀምጦ፣ በ1፣ በ4፣ በ12ና በ24 ሰዓት በጥቁርና በነጭ ጀርባ፣ ቢቻልም በማይክሮስኮፕ መመልከት ነው። ይህ ምርመራ የመጀመሪያውን ጥፋት ብቻ እንደሚይዝ በግልጽ ተጽፎ፣ የዘቀጠውም ያልዘቀጠውም እኩል ይመዝገብ። ብዙ ጊዜ የሚታተመው የተሳካው ብቻ ነውና፣ ያልተሳካውን መዝግቦ ማስቀመጥ ራሱ ለሚቀጥለው አዘጋጅ ትልቅ ርዳታ ነው።

መምህራኖቻችን ስለ መድኃኒት ስናጠና መጠኑን ሳንጠቅስ ስሙን ብቻ እንዳንናገር ሁልጊዜ ያስተምሩናል። ለአንዱ መድኃኒት ግዴታ የሆነው ደንብ ለሁለት መድኃኒቶች ድብልቅ ሊቀር አይገባም። «ይስማማሉ» ሲባል፣ በስንት፣ በምን ውስጥ፣ ለስንት ሰዓት፣ በስንት ሙቀት፣ በማን ምስክርነት ብለን እንጠይቅ።